ሚዜ ሆነሽ ፀጉርሽን ራስሽ ስትሠሪ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰርግ በበዛ ቁጥር የአዲስ አበባ ሚዜዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ሳሎን ሳልሄድ ራሴ ብሠራው ያምርብኛል?

ያምርብሻል፤ የምትመርጪው ግን እጅሽ የሚደርስበትን ሥራ መሆን አለበት። ራሷን የምትሠራ ሴት ማጅራቷን አታይም፣ ክንዷንም ሽቅብ ሰቅላ ብዙ መቆየት አትችልም። አናት ላይ የሚቆለል፣ ከኋላ ብዙ ጠለፋ ያለበት ሥራ ለባለሙያ ይቅር። ለራስ እጅ የሚመቹት ዝቅ ያለ ጥቅል፣ ዝቅ ብሎ የታሰረ ጭራ፣ ከፊቱ ተይዞ ከኋላ የተለቀቀ ከርል፣ እና ቀድሞ የተሠራ ሹሩባ ናቸው። ከአራቱ ጥቅሉ ነጠላውንም፣ ነፋሱንም፣ እስክስታውንም ስለሚችል መወሰን ያቃታት ብትመርጠው አይቆጫትም።

ከመወሰንሽ በፊት ግን ሙሽራዋን አነጋግሪ። አንዳንዷ ቤት ድረስ የምትመጣ ባለሙያ ለሚዜዎቹም ጭምር ከፍላ ይሆናል። ባለሙያዋ ለሙሽራዋ ብቻ ከሆነች ደግሞ «እግረ መንገዷን እኔንም ትነካካኛለች» ብለሽ አትጠብቂ። የሙሽራ ፀጉር ብቻውን ሁለት ሦስት ሰዓት ይበላል።

ምን ምን ዕቃ ላዘጋጅ?

ጭራ ያለው ማበጠሪያ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ፀጉር ከፍሎ መያዣ 6 ትልልቅ ክሊፕ፣ ብረት የሌለባቸው 4 ላስቲኮች፣ ጌል፣ ስፕሬይ፣ የሙቀት መከላከያ፣ ፔስትራ ወይም ከርል ማድረጊያ፣ የሳቲን ሻሽ፣ ለግንባር ፀጉር አዲስ የጥርስ ብሩሽ። መስታወት ሁለት ያስፈልጋል፤ አንዱ ግድግዳ ላይ፣ አንዱ በእጅ። የእጁ ከሌለ ስልክሽን ከኋላሽ አቁሚና ቪዲዮ እየቀዳሽ እዪው።

ፒን 30 ያዢ። ለአንድ ጥቅል ከ15 እስከ 20 ይበቃል፣ የቀረው ሰርግ ቤት ውስጥ መጥፋቱ አይቀርም። አፉ ተከፍቶ የቀረ ፒን ፀጉር አይዝም፣ ጣይው። ብዙዎች የሚሳሳቱት አያያዙን ነው፦ ሞገድ ያለው ጎን ወደ ራስ ቅል፣ ለጥ ያለው ወደ ውጭ ነው የሚሆነው። ፀጉርሽ ለስላሳና ተንሸራታች ከሆነ ፒኖቹን ወረቀት ላይ ደርድሪና ስፕሬይ ንፊባቸው፤ ሲደርቁ ይነክሳሉ።

ጌሉንና ቅባቱን ቀድመሽ አስተዋውቂያቸው። ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት መዳፍሽ ጀርባ ላይ አዋህደሽ 10 ደቂቃ ጠብቂ። ነጭ ፍርፋሪ ካወጣ የሰርጉ ቀን ግንባርሽም ላይ ያወጣል። ቀሚሱ ጥቁር አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ከሆነ ደግሞ ትከሻሽ ላይ ፎረፎር መስሎ ይታያል።

መቼ ልታጠብ?

ከዋዜማው ቀን አይለፍ፤ በሰርጉ ጠዋት ግን አትታጠቢ። ትኩስ የታጠበ ፀጉር ስለሚንሸራተት ላስቲኩም ፒኑም አይዘውም። ኮንዲሽነሩን ጫፉ ላይ ብቻ አድርጊ፤ ሥሩ ላይ ከገባ ፀጉሩ ይተኛል። ውሃ በፈረቃ የምታገኙ ከሆነ ከሁለት ቀን በፊት ጀሪካን ሙሉ፤ ዘመድ የሞላበት ሰርግ ቤት ውሃ ሲያልቅ ፀጉርሽን የሚያስብልሽ የለም።

ቅቤ ከተቀባሽ ቢያንስ 3 ቀን አስቀድመሽ፣ ሁለት ዙር በሻምፖ ታጠቢ። የቀረ ቅቤ ፔስትራው ሲነካው ይጨሳል፣ ይሸታል፣ ጌሉንም አያስይዝም። ማለስለሻ ኬሚካልና ቀለም ግን የዚያ ሳምንት ሥራ አይደሉም። ራስ ቅል ቢያቃጥል ወይም ቀለሙ ቢበላሽ ማረሚያ ጊዜ እንዲኖርሽ 2 ሳምንት ቀድመሽ ጨርሻቸው።

ጠዋት በስንት ሰዓት ልጀምር?

ሙሽራው ከሚመጣበት ሰዓት ወደ ኋላ ቁጠሪ። ሰርገኛው 4 ሰዓት ይደርሳል ከተባለ ፎቶ አንሺው ሚዜዎችን ለብሰው የሚፈልጋቸው 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ስለዚህ ፀጉር 2 ሰዓት ላይ ማለቅ አለበት። የተለማመደች ሴት ጥቅል በ30 ደቂቃ ትጨርሳለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክር 45 ደቂቃ ትያዝ። ብዛት ያለው ፀጉር ከርል ለማድረግ ግን አንድ ሙሉ ሰዓት ይጠይቃል። አራት ሚዜዎች በአንድ መስታወትና በአንድ ሶኬት ከሆናችሁ የመጀመሪያዋ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት ይኖርባታል። ከርል የምታደርገዋ ትቅደም፤ ፀጉሯ እየቀዘቀዘ ሌሎቹ ይሠራሉ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ፀጉሩ ተሠርቶ በክሊፕ እንደተያዘ ይቆያል፣ ቀጥሎ ሜካፕ፣ ቀጥሎ ቀሚስ፣ በመጨረሻ ክሊፑን መፍታትና ስፕሬይ። ስፕሬዩ ሲነፋ ፊትሽን በእጅሽ ከልዪ። ስትሠሪ የምትለብሺው ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ሸሚዝ ይሁን። ቲሸርት በአናት ሲወልቅ የአንድ ሰዓት ልፋት ይዞ ይወጣል፤ ይህን በየሰርጉ አንዷ ትረሳዋለች።

በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ተለማመጂ፤ ሁለተኛውን ቀሚሱንና የጆሮ ጌጡን አድርገሽ። አንገቱ የተዘጋ ቀሚስ ከተለቀቀ ፀጉር ጋር አንገትሽን እንደሚያሳጥረው መስታወት ፊት ያወቀች በሰርጉ ቀን አትደነግጥም።

ዝቅ ያለውን ጥቅል ደረጃ በደረጃ እንዴት ነው የምሠራው?

ፀጉርሽን በማበጠሪያው ጭራ ከጆሮ እስከ ጆሮ በአናትሽ ላይ አቋርጠሽ ለሁለት ክፈዪው። የፊቱን በክሊፕ ያዢ። የኋላውን ማጅራትሽ ላይ፣ ከፀጉሩ መነሻ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ሰብስበሽ በላስቲክ እሰሪ። ስታስሪ ራስሽን ወደ ኋላ ትንሽ ዘንበል አድርጊ። አቀርቅሮ የታሰረ ፀጉር ቀና ሲሉ ማጅራት ላይ ይረግባል፣ ከላስቲኩ በታችም እንደ ከረጢት ይንጠለጠላል።

ቀጥሎ የፊቱን ፀጉር እንደ ምርጫሽ መሀል ለመሀል ወይም በጎን ክፈዪ። የአተር ፍሬ የሚያህል ጌል በብሩሹ ላይ አድርገሽ ከግንባር ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ ማጅራት አስተኚው። በእጅ የተቀባ ጌል አንድ ቦታ ይከማቻል፣ በብሩሽ ግን እኩል ይዳረሳል። የሁለቱን ጎን ጫፍ ላስቲኩ ላይ ጠምጥመሽ በፒን ያዢ፤ ላስቲኩ ተሸፈነ ማለት ነው።

አሁን ጭራው ቀርቷል። ረጅም ከሆነ በአንድ አቅጣጫ አክርረሽ ዙሪያውን ጠምጥሚው። ከትከሻ በላይ ከሆነ ግን የስፖንጅ ዶናት አስገቢበት፤ ያለዚያ ጥቅሉ የእንቁላል ያህል ይሆናል። ዶናቱ ከፀጉርሽ ጋር ቀለሙ ካልተመሳሰለ ከሩቅም ያስታውቃል። ፒን ስትሰኪ መጀመሪያ የጥቅሉን ጠርዝ ጥቂት ፀጉር ያዢበት፣ ጫፉን ወደ ውጭ እንዳዞርሽ ከራስሽ ጠጋ አድርጊው፣ ከዚያ ገልብጠሽ ወደ ጥቅሉ መሀል አስገቢው። እንዲህ የተሰካ ፒን ከውጭ አይታይም፣ አይወጣምም። ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ አራት ከሰካሽ በኋላ በመካከላቸው ሁለት ሁለት እያደረግሽ የተቆላለፉ ፒኖች ጨምሪ።

የሚቆይ መሆኑ የሚታወቀው በእስክስታ ነው። በሩን ዝጊና አንድ ደቂቃ ያህል ትከሻሽን ከነአንገትሽ ነቅንቂው። የሚወዛወዝ ቦታ ካለ እዚያ ላይ አንድ ፒን ጨምሪ፣ የሚወጋሽ ካለ ደግሞ አሁኑኑ አውጥተሽ ቦታ ቀይሪለት። 1 ሰዓት ላይ የቆረቆረ ፒን 6 ሰዓት ላይ ራስ ምታት ነው። በመጨረሻ ስፕሬዩን ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር ርቀሽ ንፊ፤ ቀርቦ የተነፋ ስፕሬይ ያረጥባል፣ ሲደርቅም ነጭ ይሆናል። ግንባርሽ ላይ የሳቲኑን ሻሽ 10 ደቂቃ ያህል ሸብ አድርጊ፣ ትንንሾቹ ፀጉሮች ይተኛሉ።

ጥቅሌ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ለምን?

የለመደው እጅሽ ወደ ራሱ ስለሚስብ ነው። ላስቲኩን ከማጥበቅሽ በፊት ከኋላ አንድ ፎቶ አንሺ፤ ጥቅሉ ካለቀ በኋላ ማቅናት ማለት እንደገና መጀመር ነው።

ከርል ሠርቼ ምሳ ሳይደርስ የሚፈታብኝ ለምንድን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፣ የማቀዝቀዙ ነው። ሙቀት የፀጉሩን ውስጣዊ ትስስር ያላላል፤ ትስስሩ መልሶ የሚይዘው ፀጉሩ ሲቀዘቅዝ ነው፣ ያን ጊዜ በያዘው ቅርጽም ይቀራል። ከማሽኑ ወጥቶ ትኩስ እያለ የተለቀቀ ከርል በራሱ ክብደት ተዘርግቶ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ እያንዳንዱን ስታወጪ መልሰሽ ጠቅልለሽ በክሊፕ ያዢውና 15 ደቂቃ ተዪው። ሁሉም እስኪቀዘቅዝ ማበጠሪያ አይንካው፤ ሲቀዘቅዝም በጣትሽ ብቻ በታትኚው።

ቀጣዩ ምክንያት ብዙ ፀጉር በአንድ ጊዜ መጠቅለል ነው። ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክፍል ይበቃል፤ ከዚያ ከወፈረ ሙቀቱ መሀሉ አይደርስም። ለቀጭን ፀጉር 150 ዲግሪ፣ ለመካከለኛ ከ170 እስከ 180፣ ለወፍራምና ጠንካራ እስከ 200 ድረስ፤ በየክፍሉ ከ8 እስከ 10 ሰከንድ። ከዚያ በላይ ማሞቅ ከርሉን አያጠነክረውም፣ ፀጉሩን ያቃጥላል እንጂ። ፀጉሩ ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት። ሲነካ «ጭስስ» ካለ ውስጡ ውሃ አለ፣ ያ ውሃ ፈልቶ ነው ፀጉሩን የሚሰብረው።

ከምትፈልጊው ይልቅ ጠበቅ አድርገሽ ሥሪ፣ እስከ ምሳ በራሱ ይላላል። ቅባት ከከርሉ በፊት አታድርጊ፤ ለማብረቅ ካማረሽ በመጨረሻ፣ ሁለት ጠብታ፣ ጫፉ ላይ ብቻ።

ያለ ማሽን ከርል ይሠራል?

ይሠራል፣ ለብዙ ፀጉር እንዲያውም የበለጠ ይቆያል። በዋዜማው ምሽት ፀጉርሽን ትንሽ እርጥበት ሲቀረው በ12 ወይም 16 ለስላሳ ቢጎዲን ጠቅልለሽ፣ ሻሽ አስረሽ ተኚ። እርጥበቱ ከመጠን ካለፈ ጠዋት አይደርቅም፤ የጥር ሌሊት ብርዳም ነው፣ ፀጉርም ልብስም ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። ካስክ (ራስ ላይ የሚደፋው ማድረቂያ) ያለው ሰው ካገኘሽ ከመተኛትሽ በፊት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ግቢበት፣ ያስተማምናል። ጠዋት ቢጎዲኑን የምትፈቺው ሜካፕሽ ሲያልቅ ነው።

ፀጉሬ ተፈጥሯዊ ነው፤ ሳልተኮስ ሚዜ ብሆን አይከብድም?

አይከብድም። ሁለት ሁለት እያደረግሽ የገመድሽው ፀጉር ሲፈታ የሚሰጠው ጥምዝ ከማሽን ከርል የበለጠ ጉልበት አለው፣ ላብም ቶሎ አይጥለውም። ከሰርጉ ሁለት ሌሊት በፊት እርጥብ እያለ፣ በክሬምና በትንሽ ጌል ከ20 እስከ 30 ገመድ ሥሪ። ሁለት ሌሊት የሚያስፈልገው ወፍራም ፀጉር በአንድ ሌሊት ውስጡ ስለማይደርቅ ነው። እርጥበት ሳለ የተፈታ ገመድ ወዲያው ያብጣል፣ መልክ የሚባል ነገርም አይቀረውም። ስትፈቺ ጣቶችሽን ዘይት አስነኪያቸው፣ ከታች ወደ ላይ ፍቺ፣ አትቸኩዪ።

ከኋላ ተሰብስቦ እንደ ጉብታ የሚቆም ጉተናም ለራስ ሥራ ቀላል ነው። ላስቲክ አራት ጊዜ ከመጠምጠም ይልቅ ረዘም ያለ ጥቁር ማሰሪያ ዙሪያውን አዙረሽ ቀስ እያልሽ ሳቢው፤ የግንባር ፀጉር አይነቅልም።

ለመልሱ ሹሩባ እፈልጋለሁ። ለሰርጉ ቀን ሌላ፣ ለመልሱ ሌላ መሥራት እችላለሁ?

በሁለቱ መካከል ያለው ሌሊት አይበቃሽም። ሰርግ አምሽታ የገባች ሚዜ ሦስት ሰዓት ቁጭ ብላ ሹሩባ አትሠራም፤ ሠሪዋንም በዚያ ሰዓት አታገኝም። የሚያዋጣው ለሁለቱም የሚሆን አንድ ሥራ ነው፦ ከግንባር እስከ መሀል አናት ቀጭን ሹሩባ፣ ከዚያ ወደ ኋላ የተለቀቀ ፀጉር። ለሰርጉ ቀን ከኋላ ያለውን ሰብስበሽ ዝቅ ያለ ጥቅል ታደርጊዋለሽ፣ ለመልሱ ከሐበሻ ቀሚሱ ጋር ፈትተሽ ታንዠረግጊዋለሽ። አልባሶ ከፈለግሽም ይሆናል፤ ነገር ግን ወፍራሙ ጉንጉን እስከ ማጅራት ስለሚወርድ ጥቅሉ ያንሳል።

ሹሩባው ከሰርጉ 2 ወይም 3 ቀን ቀደም ብሎ ይሠራ። የመጀመሪያው ቀን ቆዳው ይወጠራል፣ ግንባር ላይ ትንንሽ ነጠብጣብ ሊያወጣም ይችላል። ቅንድብሽን ወደ ላይ የሚስብ ሹሩባ አላመረም፣ ጠብቋል። ሲደጋገም የግንባር ፀጉር ይመልጣል፣ ስለዚህ ሠሪዋን እዚያው «አላሊው» በያት። የዕድሜ ባለጸጋ ከሆኑም በትሕትና «እማማ፣ ትንሽ ላላ ያድርጉልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ቤተ ክርስቲያን ነጠላ ስከናነብ ሥራዬ ሁሉ አይበላሽም?

ከአናቱ ከፍ ያለ ሥራ ከሆነ ይበላሻል። ተክሊልና ቁርባን ከሆነ ቅዳሴው ረጅም ነው፣ ነጠላውም ለሰዓታት አናትሽ ላይ ይተኛል። አናቱ ለጥ ያለ፣ ክብደቱ ማጅራት ላይ ያረፈ ሥራ ግን ከነጠላው ሥር እንደተሠራ ይቆያል። ጌጥና አበባ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጪ፣ መኪና ውስጥ ነው የሚሰካው። የፒን ጫፍ ብቅ ካለ የነጠላው ጥለትና ዘርፍ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ተከናንበሽ ስትጨርሺ ወደ ኋላ አትጎትቺው፣ በሁለት እጅ ከፍ አድርገሽ አንሺው።

ኒካህ ላይ ሂጃብ ለምትለብስ ሚዜም ነገሩ ይመሳሰላል፦ ጥቅሉ ዝቅ ይበል፣ ከሂጃቡ ሥር የማይንሸራተት ቆብ ይግባ፣ ፀጉሩም ሳይደርቅ አይሸፈን።

ጠዋት መብራት ቢጠፋስ?

ሊጠፋ እንደሚችል አስበሽ ተዘጋጂ። ሙቀት የሚፈልገውን ሁሉ፣ ማድረቅም መተኮስም፣ በዋዜማው ቀን ቀን ጨርሺና ሻሽ አስረሽ ተኚ። ጠዋት የሚቀረው ማበጠሪያ፣ ጌልና ፒን ብቻ ከሆነ መብራቱ ቢጠፋም ባትሪ በርቶ ይሠራል። የስልክሽ ባትሪ ሙሉ ይሁን፣ መስታወትሽም መብራትሽም እሱ ነው።

ብዙ ጊዜ ደግሞ የጠፋው የሰፈሩ መብራት ሳይሆን የቤቱ ብሬከር ነው። ፎን (ፀጉር ማድረቂያው) ብቻውን 2000 ዋት ገደማ ይስባል፣ የእንጀራ ምጣድ ወደ 3500። ሰርግ ቤት ውስጥ ምጣዱ፣ ምድጃውና ውሃ ማፍያው በአንድ ላይ እየሠሩ ሁለት ፎን ሲጨመር መውደቁ አይገርምም። ወጥ ቤት ያሉትን እናቶች ጠይቂና ተራ ያዢ። በአንድ ማከፋፈያ ላይም ከአንድ ፎን በላይ አትሰኪ፤ ርካሹ ማከፋፈያ ይቀልጣል። ፔስትራ ብዙ ስለማይስብ ሁለት ሦስት ሆኖ ቢሰካም ችግር የለውም።

እህቴ ከአሜሪካ ያመጣችው ማሽን እዚህ ይሠራል?

ከመሰካትሽ በፊት እጀታው ላይ ወይም ሶኬቱ አጠገብ የተጻፈውን አንብቢ። «110–240 ቮልት» የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። «120 ቮልት» ብቻ ካለ የእኛ 220 ያቃጥለዋል፤ ጭሱም ሽታውም ለፎቶ አይሆንም። የሶኬት ቅርጽ የሚቀይረው ትንሽ ዕቃ ቮልት አይቀንስም፣ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ለፎን የሚሆን ቮልት ቀናሽ ደግሞ ከባድና ውድ ነው፤ ከዚያ ይልቅ ከዚሁ ከመርካቶ የተገዛ ፎን ተዋሺ።

ሂዩማን ሄር በክሊፕ ልጨምርበት ብል?

መጀመሪያ ሂዩማን ሄር መሆኑን አረጋግጪ። አንድ ክር ነቅለሽ ሳህን ላይ በክብሪት አቃጥዪ፦ እውነተኛ ፀጉር እንደ ፀጉር ይሸታል፣ በጣት ሲነካ አመድ ሆኖ ይፈርሳል፤ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ሰው ሠራሹን ፔስትራ ካስነካሽው ፔስትራው ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ክሊፑ የሚያርፍበትን ቦታ በማበጠሪያ ወደ ሥሩ ቀጥቅጪውና ትንሽ ስፕሬይ ንፊበት፣ ያለዚያ እስክስታ ላይ ይንሸራተታል። ከታች ጀምረሽ ወደ ላይ ደርድሪ፤ የመጨረሻው ከጆሮ በላይ ከሁለት ጣት አይለፍ። ክሊፕ ከሰካሽ በኋላ ጎተት አድርገሽ ፈትኚው። ከርሉንም የራስሽንና የተጨመረውን አንድ ላይ ይዘሽ ሥሪ፣ ለየብቻ ከተሠራ መገጣጠሚያው ይታያል።

አራት ሚዜዎች አራት ዓይነት ፀጉር አለን። እንዴት አንድ እንምሰል?

ፀጉሩን አንድ ለማድረግ አትድከሙ። ፎቶ ላይ አንድነት የሚታየው በሦስት ነገር ነው፦ የአከፋፈሉ ቦታ፣ የጥቅሉ ከፍታ፣ እና ጌጡ። ሁላችሁም መሀል ለመሀል ክፈሉ፣ ጥቅሉ ከማጅራት ፀጉር መነሻ ሁለት ጣት ከፍ ይበል፣ አንድ ዓይነት ጌጥ በአንድ ጎን ይሁን። የአንዷ ጥምዝ፣ የአንዷ ለስላሳ፣ የአንዷ ሹሩባ ቢሆን ከሩቅ አያስታውቅም። ያለመደባትን ፀጉር «ለፎቶው» ብሎ ማስተኮስ ግን እስከ ኬክ ሰዓት ሥሩ ያብጣል፣ ያን ጊዜ በእውነት ትለያለች።

ዝናብ ወይም ነፋስ ቢመጣስ?

የጥር ሰርግ ጠላቱ ደረቅ አየርና አቧራ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ያለው ሰርግ ግን ዝናብ ሊያገኘው ይችላል። የተተኮሰ ተፈጥሯዊ ፀጉር እርጥበት ሲያገኘው ወደ ጥምዝነቱ ይመለሳል፣ ስፕሬይም አያድነውም። በሚያዝያና በግንቦት ከጥቅል ወይም ከሹሩባ አትውጪ። የፎቶ ቦታው እንጦጦ ከሆነ ደግሞ በየትኛውም ወር ነፋስ አለ፤ የተለቀቀ ፀጉር ከንፈር ቀለም ላይ ይለጠፋል። በጥር ፀጉርሽ እየተነሳ ካስቸገረሽ እርጥብ መዳፍሽን ብቻ ዳበስ አድርጊበት።

የተፈጥሮ አበባ ብሰካ ይጠወልጋል?

ጽጌረዳ በፀሐይ ሁለት ሦስት ሰዓት ካለፈው ጠርዙ ይጠቁራል፤ ካርኔሽንና ጂፕሶፊላ ይሻላሉ። በዋዜማው ግዢ፣ ግንዱን ውሃ ውስጥ አቆይው፣ ጠዋት 3 ሳንቲሜትር አስቀርተሽ ቁረጪውና በቀጭን ሽቦ ጠምጥመሽ በሁለት ፒን አቆላልፈሽ ያዢው።

አዳራሽ ውስጥ፣ ጭፈራው መሀል ቢፈታብኝ?

ቦርሳሽ ውስጥ 8 ፒን፣ አንድ ላስቲክና ትንሽ ማበጠሪያ ይኑር። ጥቅሉ ከላላ መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ሁሉንም ለመፍታት አትሞክሪ። በእጅሽ ወደ ቦታው ገፋ አድርገሽ በላላው በኩል ሁለት ፒን አቆላልፊ፣ ይበቃል። ከርሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ ከማባበል ይልቅ ዝቅ ያለ ጭራ አድርገሽ እሰሪው፤ ከራሱ ከፀጉሩ ቀጭን ዘለላ ወስደሽ ላስቲኩ ላይ ጠምጥሚው፣ ታስቦበት የተሠራ ይመስላል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ስፕሬይ ተቀጣጣይ ነው፣ ሰው ሠራሽ ፀጉርም በቀላሉ ይያያዛል። ቤተ ክርስቲያን ጧፍ ስትይዢ፣ አዳራሽ ደግሞ ኬኩ ላይ ርችት ሲለኮስ ሚዜ ሁልጊዜ ቅርብ ነው የምትቆመው። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቂ፣ ፎቶ አንሺው «ጠጋ በሉ» ቢልም።

ማታ ስገባ እንዴት ልፍታው?

ጠዋት ስንት ፒን እንደሰካሽ ስልክሽ ላይ ጻፊ። 18 ከገባ 18 ይውጣ፤ የተረሳ ፒን ትራስ ላይ ነው የሚገኘው። በስፕሬይ የደረቀ ፀጉርን በደረቁ አታበጥሪ፣ ይሰበራል። ኮንዲሽነር በውሃ አቅጥነሽ አርከፍክፊበት፣ 5 ደቂቃ ቆይተሽ ከጫፉ ጀምረሽ ወደ ሥሩ እየወጣሽ አበጥሪ። ላስቲኩ ከተጣበቀ በመቀስ ቁረጪው፣ ርካሽ ነው።

መልሱ በማግስቱ ከሆነ አትታጠቢ። ፒኑንና ላስቲኩን ብቻ አውጥተሽ፣ ሹሩባው ላይ ሻሹን አስረሽ ተኚ፤ የኋላውን ፀጉር አራት ቦታ ገምደሽ ብታድሪ ጠዋት ስትፈቺው ለሐበሻ ቀሚሱ ተንዠርግጎ ይጠብቅሻል።